ከልብ ወለድ የተዋሱት ዝርያ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አዲስ ተጫዋች ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ስለ ደንቡ ብዙም አይጠይቅም። «ሆቢት መሆን እችላለሁ?» ይላል፤ ሆቢት ደራሲው ቶልኪን በልብ ወለዱ የፈጠረው ትንሽ ሰው ነው። ሌላው በፊልም ያየውን ጸጉራም ግዙፍ ይጠራል፤ ሌላዋ በኮምፒውተር ጨዋታ የወደደችውን ባለ ክንፍ ፍጡር ትመኛለች። አንድ ሰው ታሪኩን እየመራ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየጣሉ በሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ውስጥ፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ለወራት አብሮን ይኖራል። አንዴ «እሺ» ካልኩ በኋላ ቃሌን ማጠፍ ይከብደኛል፤ ተጫዋቹ ለፍጡሩ ስም አውጥቶለታል፣ ሥዕል ሥሎለታል፣ ወዶታል።

ይህን የጻፍኩት ጨዋታ ለሚመሩና ለመምራት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ሌላ ሰው በምናቡ የፈጠረውን ፍጡር ወደ ራሳችን ጨዋታ የምናመጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ሁሉንም ሞክሬአለሁ፤ እኩል ግን አልወዳቸውም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልናገር። የእንግሊዝኛው ደንብ እነዚህን ፍጡራን ለረጅም ዘመን «ዘር» በሚል ቃል ይጠራቸው ነበር። ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ታዋቂ የሚና ጨዋታ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቃሉን እንደሚተው አስታወቀ፤ በ2024 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍም «ዝርያ» የሚለውን ተክቶ ወጣ። ፓዝፋይንደር የተባለው ጨዋታ ደግሞ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የትውልድ ሐረግን ወደሚያመለክት ስያሜ ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። በአማርኛ ለሚጫወት ሰው የለውጡን ምክንያት ማስረዳት አያሻም። «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመዝናናት በተሰበሰብንበት ማዕድ ላይ እንዲነሳ አልፈልግም። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ «ዝርያ» እላለሁ፣ እዚህም እንዲሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆቢት እንዴት ሃፍሊንግ ሆነ?

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ባወጡት የመጀመሪያው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ውስጥ ሆቢት መሆን ይቻል ነበር። ድዋርፍ፣ ኤልፍና ሆቢት ከሰው ጎን ተዘርዝረው ነበር። እርግጥ ሆቢቱ ተዋጊ ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም፤ ከ4ኛ ደረጃም አያልፍም። ጥቂት ዓመታት እንደቆየ የቶልኪንን ሥራዎች የንግድ መብት የያዙት ወገኖች ተቃውሞ አነሱ። በኋለኞቹ ሕትመቶች ሆቢት «ሃፍሊንግ» ሆነ፤ ዛፍ መሳዩ ኤንት «ትሪየንት»፣ የእሳቱ ጋኔን ባልሮግ ደግሞ «ባሎር» ተባሉ። ኤልፍንና ድዋርፍን ግን ማንም አልነካቸውም። እነሱ በሰሜን አውሮፓ ተረቶች ውስጥ ከየትኛውም የዘመናችን ደራሲ በፊት የነበሩ ናቸውና የማንም የግል ርስት አይደሉም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሕግ ጉዳይ ነው። እኔን የሚማርከኝ ስሙ ከተነሳ በኋላ የቀረው ነገር ነው። የ5ኛውን እትም ሃፍሊንግ እንመልከት። ባለ 20 ገጹ ዳይስ 1 ሲያወጣበት አንስቶ እንደገና መጣል ይፈቀድለታል። ለሌላው ተጫዋች 1 የመውጣት ዕድሉ ከ20 አንድ ነው፤ ሃፍሊንጉ ግን በ1 የሚቀረው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከወጣበት ብቻ ነው፣ ማለትም ከ400 አንዴ። የሚያስፈራ ነገር ሲገጥመው ሁለት ዳይስ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። በአካል ከሚበልጡት ፍጡራን እግር መካከልም ሾልኮ ማለፍ ይችላል። እነዚህን ሦስት ደንቦች ስሙን ደብቃችሁ ልብ ወለዱን ላነበበ ሰው ብትነግሩት ማንን እንደምትሉ ወዲያው ያውቃል። ትንሽ፣ ዕድሉ የማይከዳው፣ በፍርሃት መካከል ልቡ የሚጸና፣ ትልልቆቹ ሳያዩት የሚያልፍ ሰው ነው። ስለ ጸጉራም እግሩ አንድም ደንብ የለም፤ አላስፈለገምም።

ጥሩ መዋስ ለእኔ ይህ ነው። ፍጡሩ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያቅተው፣ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት ለይቶ ማወቅ፤ ከዚያ ያንን ወደ ዳይሱ ማምጣት። መልክና ስም ከዚያ በኋላ ቢመጡም ባይመጡም ግድ የለም። የሚከተሉትን መንገዶች የምመዝናቸውም በዚህ ሚዛን ነው።

ከነስሙ፣ ከነታሪኩ መውሰድ

ቤት ውስጥ ከጓደኞች ጋር ለመጫወት ከሆነ ይህን የሚከለክላችሁ የለም። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ አንድን ዓለም የሚወዱና የሚያውቁ ከሆኑ እጅግ ደስ ይላል፤ ገጸ ባሕርዩን ለማስተዋወቅ አንድ ቃል ይበቃል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደራሲ ፍጡሩን ሲፈጥር ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር እኩል ስለማድረግ አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። በመጽሐፍ ውስጥ አንዱ ጀግና ከሌላው አሥር እጥፍ ቢበረታ ታሪኩ አይጎዳም። ጠረጴዛ ላይ ግን ደካማውን የያዘው ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያይ ይመሻል። ሌላም አለ፦ ዓለሙን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ተጫዋች ሁልጊዜ ይኖራል። «እነሱ እንዲህ አያደርጉም» እያለ በየመሃሉ ያርማችኋል፤ እውነቱን ነውና መልስ አይኖራችሁም።

ተጫዋቾቻችሁ ያንን ዓለም እንዳለ ከፈለጉ፣ ምክሬ ፈቃድ ተገኝቶበት የተሠራውን ጨዋታ እንድትይዙ ነው። ለቶልኪን ዓለም «ዘ ዋን ሪንግ» የተባለ ጨዋታ አለ፤ ሆቢትን ከነስሙ ትጫወቱበታላችሁ፣ ደንቡም ስለ ተስፋና ስለ ጨለማ በሚናገር መልኩ ለዚያ ዓለም ተብሎ የተለካ ነው። የስታር ዋርስ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የሚያስደስት ነው። ዌስት ኤንድ ጌምስ የተባለው ኩባንያ በ1987 የሚና ጨዋታውን ሲያወጣ፣ በፊልሞቹ ውስጥ ለአፍታ ብቅ ብለው የጠፉትን ፍጡራን ለተጫዋቾች ማብራራት ነበረበትና ለብዙዎቹ ስምና ታሪክ አወጣላቸው። በኋላ የመጡ የልብ ወለድ ጸሐፊዎች እነዚያን የጨዋታ መጻሕፍት እንደ መነሻ ተጠቀሙባቸው። ተበዳሪው አበዳሪ ሆነ ማለት ነው።

ባሕርዩን ወስዶ የቀረውን መተው

የጨዋታው ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። በዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ያለውን ትሮል የተባለ ግዙፍ ጭራቅ ቢቆርጡት ቁስሉ ይገጥማል፤ የሚያቆመው እሳት ወይም አሲድ ብቻ ነው። ይህ ፍጡር የመጣው ከፖል አንደርሰን ልብ ወለድ ነው። የተወሰደው አንድ ባሕርይ ነው፤ ያቺ አንዲት ባሕርይ ግን ጦርነትን ወደ እንቆቅልሽ ትለውጣለች። ሰይፍ የያዘው «መታሁት፣ መታሁት» ሲል፣ ችቦ የያዘችው ልጅ ድንገት የጠረጴዛው ዋና ሰው ትሆናለች።

ስም ብቻ የተወሰደበትም አለ። ጊዝያንኪ የተባሉት ተዋጊዎች ስማቸው የተገኘው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ1977 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ወጣቱ ቻርልስ ስትሮስ ስሙን ወስዶ ፈጽሞ ሌላ ሕዝብ ሠራበት፤ ፍጡራኑም በ1981 በወጣው የጭራቆች ስብስብ መጽሐፍ ታተሙ። ዛሬ ጊዝያንኪን የሚያውቀው አብዛኛው ተጫዋች ስለ ልብ ወለዱ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ግን ስም ብቻ መዋስን አልመክርም። ስም የሰው ዓይን የሚያርፍበት ነገር ነው፤ ከተውሶ ሁሉ ትንሹን ጥቅም የሚሰጠው፣ ትልቁን ጣጣ የሚያመጣውም እሱ ነው። ባሕርዩን ውሰዱ፣ ስሙን ራሳችሁ አውጡ።

ባለው ደንብ ላይ አዲስ ልብስ

ለጀማሪ መሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ልምድ ላለውም ቢሆን መጀመሪያ ይህን ሞክር እለዋለሁ። ከደንቡ መጽሐፍ አንድ የተፈተነ ዝርያ ትመርጣላችሁ፤ ቁጥሮቹን ሳትነኩ መልኩንና ታሪኩን ትቀይራላችሁ።

አንድ ተጫዋቼ ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ ያየውን የድንጋይ ሰው መጫወት ፈለገ። መጽሐፉን ይዞ መጥቶ ገጹን ከፍቶ አሳየኝ፤ ደረቱ ላይ እንደ ደረቀ ወንዝ የተሰነጣጠቀ ግዙፍ ነው። «ከዚህ ሰው በጣም የምትወደው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ጥቂት አሰበና «ሊወድቅ ሲል የማይወድቀው ነገር» አለኝ። ከሰውና ኦርክ ከተባለው ፍጡር የተወለደውን የግማሽ ኦርክን ገጽ ገለጥኩለት። ግማሽ ኦርክ የሕይወት ነጥቡ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ወዲያው ካልሞተ በቀር፣ በአንድ ነጥብ ላይ መቆም ይችላል፤ ይህን ደግሞ የሚያገኘው ረጅም ዕረፍት እስኪያደርግ ድረስ አንዴ ብቻ ነው። «በቃ፣ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ግን ትቆማለህ» አልኩት። በአምስት ደቂቃ አለቀ። አንድም ቁጥር አልተቀየረም፣ ማንም ተጫዋች «አድልተህለታል» አላለም። ከሳምንታት በኋላ ድልድይ ላይ ያ ደንብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ «ስንጥቁ ሰፋ!» ብሎ ጮኸ።

ጥያቄዋን አስተውሉልኝ። «ምን ይችላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ረጅም ዝርዝር ትሰማላችሁ፤ «ምኑን ወደድከው?» ካላችሁ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ አንድ ነገር የሚሆን ደንብ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ከባዶ መሥራት

አንዳንድ ፍጡር በማንም ልብስ ውስጥ አይገባም። ያኔ ራሳችሁ ደንብ ትጽፋላችሁ። ሁለት ነገር ሲመጣባችሁ ግን ቆም በሉ፦ መብረርና አለመራብ።

መብረር በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉ እንቅፋቶችን ሁሉ ያጠፋል። ገደሉ፣ ግንቡ፣ ወንዙ፣ የተቆለፈው በር፣ ከሩቅ የማይደረስባቸው ቀስተኞች፣ ሁሉም ዋጋ ያጣሉ። ባለሙያዎቹም ተቸግረውበታል፦ አራኮክራ የተባለው የወፍ ሕዝብ በ2015 ሲቀርብ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበር ነበር፤ በ2022 በወጣው እትም የመብረር ፍጥነቱ ከእግር ጉዞው ጋር እኩል፣ 30 ጫማ ሆነ።

አለመራብን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በረሃ ለማቋረጥ ያቀድኩትን ረጅም ጨዋታ ሳዘጋጅ የውኃ ጉድጓዶቹን ቦታ፣ የአቅማዳውን ልክ፣ የግመሎቹን ድካም ሁሉ ጽፌ ነበር። ከዚያ ለአንድ ተጫዋች የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማይተኛ ፍጡር ፈቀድኩለት። ወደ ጉድጓዱ እሱ ብቻውን ይሄዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ እሱ ይጠብቃል። የቀሩት አራቱ የሚጨነቁበት ነገር ጠፋ፤ በረሃውም በረሃ መሆኑ ቀረ። ከ2004 ጀምሮ ኤበሮን በተባለው የጨዋታ ዓለም ያሉት ዋርፎርጅድ፣ ማለትም ለጦርነት የተሠሩት ሰው መሳይ አካላት፣ በ2019ኙ ደንባቸው መብላትም፣ መጠጣትም፣ መተንፈስም አያስፈልጋቸውም። እዚያ ግን ጨዋታው የሚያተኩረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለጦርነት የተፈጠረ አካል ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነው፤ ረሃብ የታሪኩ ጭንቅ አይደለም። በዚያ ዓለም ልክ ናቸው፤ በእኔ በረሃ አልነበሩም።

ከባዶ የሠራችሁትን ሁሉ «ለሦስት ጨዋታ ሙከራ ነው፣ ከዚያ እናስተካክላለን» ብላችሁ አስጀምሩ። ቀድሞ የተነገረ ማስተካከያ አያስቀይምም።

ለማሳተም ካሰባችሁ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። የጨዋታ ደንብ አሠራር፣ እንደ ሐሳብ፣ በቅጂ መብት አይታጠርም፤ የተጻፈበት ቃል፣ ሥዕሉና ልዩ ገጸ ባሕርያቱ ግን ይታጠራሉ፤ ስሞች ደግሞ በንግድ ምልክት ሊጠበቁ ይችላሉ። የ5ኛው እትም መሠረታዊ ደንብ ሰነድ በጥር 2023 ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ለማንም ክፍት በሆነ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቅቋል። ሰው፣ ኤልፍ፣ ድዋርፍ፣ ሃፍሊንግ፣ ኖም፣ ግማሽ ኤልፍ፣ ግማሽ ኦርክ፣ ቲፍሊንግና ድራጎንቦርን ውስጡ አሉ። የጊዝያንኪ መግለጫ ግን የለም። ከሌላ መጽሐፍ የተወሰደው ስም ዛሬ በአጥር ውስጥ ነው።

ከተረት መዋስ፦ የጅቡ ነገር

ብዙ ሰው «ከደራሲ አትውሰዱ፣ ከተረት ውሰዱ፤ ተረት ባለቤት የለውም» ይላል። በሕግ ልክ ነው። እኔ ግን ከሁሉም መንገድ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተረት ባለቤት ባይኖረውም የተነገረበት ሰው አለው።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ኖል የተባለ የጅብ ራስ ያለው ፍጡር አለ። በ1974 የኖምና የትሮል ድብልቅ ተብሎ ነበር የተገለጸው፤ በ1977 የጅብ መልክ ያዘ፤ ከዚያ በኋላም በአብዛኛው የጋኔን አምላኪ ጠላት ሆኖ ቆየ። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ቡዳ ትዝ ይለዋል፦ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ቅርጽ የሚቀይር ዝርያ፣ ቀን ሰው ሌሊት አውሬ። እኔም አንድ ጊዜ ልጽፈው ብዕር አንስቼ ነበር።

ቡዳ የተባሉት ግን እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው በዚህ ስም ተሰድበዋል፤ ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ስም ተፈርተውና ተገልለው ኖረዋል። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በእስራኤልም አሉ፤ ምናልባትም ከጎናችሁ ተቀምጠው ዳይስ እየጣሉ ነው። አንድን ሕዝብ ለማግለል የተነገረን ነገር «ዝርያ» ብሎ ደንብ መጻፍ ስድቡን በቁጥር ማተም ነው። ታላቁ አሳታሚም ከዚህ አልዳነም። በ2022 ሃዶዚ የተባሉ ዝንጀሮ መሳይ ፍጡራንን ባርነትን በሚያወሳ ታሪክ አጅቦ አወጣ፤ አንባቢዎች በጥቁር ሕዝብ ላይ የተነገረውን የቆየ ዘረኛ ምስል እንደሚደግም አሳዩ፤ ኩባንያው በሳምንታት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አነሳ።

ጅቡን ግን አልተውኩትም፤ ሌላ ምንጭ አገኘሁለት። በሐረር ጅብ «ወራባ» ይባላል። የጁገል ግንብ ከሰው መግቢያ በሮቹ ሌላ ጅቦች የሚገቡባቸው ሽንቁሮች አሉት። ሌሊት ጅቦቹን ጠርተው በእጃቸው የሚያበሉ ሰዎች አሉ። በአሹራ በዓል ደግሞ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸውም ለሚመጣው ዓመት እንደ ምልክት ይታያል። እዚህ ውስጥ የሚሰደብ ሰው የለም። ያለው ከተማና አውሬ ተስማምተው የሚኖሩበት ነገር ነው፤ ለጨዋታ ደግሞ ስምምነት ከእርግማን የበለጠ ብዙ ታሪክ ይወልዳል።

ስለዚህ «የሌሊት እንግዶች» የተባለ ዝርያ ሠራሁ። ስሙን ራሴ አወጣሁት፤ የሐረሪዎችን ቃል በሕይወት ካለ ልማዳቸው ነጥዬ መውሰድ አልፈለግኩም። ቁጥሮቹን ከድዋርፉ ወሰድኩ፦ በጨለማ 60 ጫማ ድረስ ማየት፣ መርዝን መቋቋም። የበሰበሰ ሥጋ በልቶ የማይታመም ሆድ ይኸው ተገኘ። የድዋርፉን የድንጋይ ሥራ ዕውቀት አውጥቼ በምትኩ በማሽተት መከታተልን አስገባሁ። በመጨረሻ አንድ ገደብ ጨመርኩ፦ የሌሊት እንግዳ ቃል ኪዳን ወዳለበት ከተማ የሚገባው በሽንቁሩ በኩል ብቻ ነው፤ ሽንቁሩ ከተዘጋ ቃሉ ፈርሷል ማለት ነው፣ በበሩም ሆነ በግንቡ ላይ አይገባም።

ዝርያውን የመረጠችው ተጫዋች ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ከተማዋ ደረሰች። አዲሱ ገዢ ሽንቁሩን በድንጋይ አስደፍኖታል። ጓደኞቿ በበሩ ገብተው ከግንቡ ውስጥ ሆነው ይጠሯታል። ግንቡን መውጣት ትችል ነበር፤ ቁጥሩ ይበቃታል። ዳይሱን ከፊቷ ገፋ አድርጋ «ሽንቁሩ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ አንድ ሰው ወጥቶ ምን እንዳጠፋን እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ» አለች። ከውስጥ ያሉት አራቱ ተጫዋቾች ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ገጸ ባሕርዩ ድንጋዩን በእጁ መንቀል እንደጀመረ ነገረኝ።